የማጀቱ ሥራና የጡረታው መዝገብ

የሰው ልጅ ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ ማኅበራዊ ፍጡር ለመሆን የበቃው በሥራ አማካይነት መሆኑ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች አዲስ ነገር አይደለም። ሰው ተፈጥሮን እየለወጠ ራሱንም የሚለውጠው፣ ሀብት የሚያፈራውና ባህሉን የሚገነባው በሥራ ነው። ሆኖም ግን «ሥራ» የሚለው ስም በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ለየትኛው ድካም እንደሚሰጥና የትኛው ድካም ስሙን እንደሚነፈግ ጠጋ ብለን ስንመረምር፣ ቃሉ ራሱ ከአድልዎ የጸዳ አለመሆኑን እንረዳለን። ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ እሳት የምታያይዝ፣ ሊጥ የምታቦካ፣ ልጆች አጥባ ለትምህርት የምታደርስ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን አማቷን የምታስታምም፣ ማታም የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ጎኗን የምታሳርፍ ሴት ሥራዋን ስትጠየቅ «ሥራ የለኝም፣ ቤት ነው የምውለው» ብላ ትመልሳለች። መልሷን የሚቀበለው የመዝገብ ሠራተኛም «የቤት እመቤት» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ከሁለቱ አንዳቸውም ሐሰት የተናገሩ አይመስላቸውም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ይህ አጠራር ከአፍ አልፎ በሕግ፣ በሒሳብ መዝገብና በማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ውስጥ እንዴት ሥር እንደሰደደ፣ በመጨረሻም በሴቲቱ የእርጅና ዘመን ላይ ምን እንደሚያስከትል ነው። ነገሩ «የሴቶች ጉዳይ» ተብሎ ለአንድ የማኅበር ክፍል የሚተው አይደለም። ስለ ሥራ ዋጋ የተነሳ ጥያቄ እስከሆነ ድረስ ሠርቶ የሚያድረውን ሁሉ ይመለከታል።

የችግሩን መሠረት «ባህላችን ነው» በሚል አንድ ሐረግ ዘግቶ ማለፍ የተለመደ ነው። ባህል ግን ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ኑሯቸውን ለማሸነፍ እርስ በርሳቸው ከሚፈጥሩት ግንኙነት የሚበቅል ነው። ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ግል ንብረትና ስለ መንግሥት አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሰፈረው ብዙው ዝርዝር በኋለኞቹ ጥናቶች የተሻሻለ ቢሆንም፣ አንደኛው ቁም ነገር እስካሁን አላረጀም። ይኸውም የቤት አስተዳደር የማኅበረሰቡ የጋራ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ቤተሰብ የግል አገልግሎት በሆነ ጊዜ ሴቲቱ ከማኅበራዊው ምርት ውጭ እንደሆነች መቆጠሯ ነው።

ይህን በአገራችን ደጋማ ክፍል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ገበሬ» የሚለው ስም ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ወንድ ስለሆነ ገበሬው እሱ ነው። ሴቲቱ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፣ ዘር ትመርጣለች፣ ጎተራውን ትጠብቃለች፤ የሚጠሯት ግን «የገበሬ ሚስት» ብለው ነው። አንድ መሣሪያ ማን እንደሚይዘው ተወስኖ ሲያበቃ፣ የምርቱ ባለቤት ማን እንደሆነም አብሮ ተወሰነ። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ በኋላ እንጂ ከዚህ በፊት አይመስለንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሬቱን በግሉ ለማረስ ለሚፈልግ ማንኛውም ሰው ያለ ጾታ ልዩነት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። የአንቀጹ ቃል ግልጽ ነው። ነገር ግን መሬቱን የሚያደላድለው የገበሬ ማኅበር ነበር፤ በማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረውም በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር። በዚህ ምክንያት ያገባች ሴት መሬት አገኘች ከተባለ ያገኘችው በባሏ ስም በኩል ነው። በፍቺ ጊዜ ስሙ ሲሄድ መሬቱም አብሮት ሄደ። ማንም ሰው አዋጁን አልሻረውም፤ መብቱ የጠፋው በአዋጁ ላይ ሳይሆን በደብተሩ ላይ ነው። በሌላ በኩል ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀመር፣ በአማራ ክልል ደብተሩ በባልና በሚስት ስም እንዲሆን፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍበት ተደረገ። ቀላል የሚመስል የአሠራር ለውጥ ነው። ለብዙ ሺህ ሴቶች ግን በመሬት ላይ ያላቸው መብት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ የሚያዝ ወረቀት ሆነ። ይህን የደብተር ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የማይቆጠረው ሥራ

አርተር ሴሲል ፒጉ የተባለው እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አስገራሚ ነጥብ አንስቶ ነበር። አንድ ሰው በደመወዝ ያሠራት የነበረችውን የቤት ሠራተኛ ቢያገባት የአገሪቱ ገቢ ይቀንሳል ይላል። ሴቲቱ ያንኑ ወጥ ትሠራለች፣ ያንኑ ወለል ትጠርጋለች፤ ደመወዙ ስለቀረ ብቻ ሥራው ከሒሳብ ይሰረዛል። ፒጉ ይህን ያነሳው የአቆጣጠሩን ጉድለት ለማሳየት ነበር። ጉድለቱ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ከነሙሉ ክብሩ በቦታው ይገኛል።

መንግሥታት ሁሉ የአገር ውስጥ ምርታቸውን የሚያሰሉበት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሥርዓት ለምርት ወሰን ያበጃል። ቤተሰብ ለራሱ ፍጆታ የሚያመርተው ዕቃ ከወሰኑ ውስጥ ይገባል፤ ለራሱ የሚሰጠው አገልግሎት ግን ይወጣል። በዚህ ደንብ መሠረት ውሃ ከምንጭ ተቀድቶ እስከ ደጃፍ ሲመጣ ምርት ነው፤ በዚያው ውሃ ወጥ ሲሠራበትና ሕፃን ሲታጠብበት ግን ምርት መሆኑ ያበቃል። አንዲት ሴት ጋግራ በመንገድ ዳር የምትሸጠው እንጀራ ይቆጠራል፤ ከዚያው ምጣድ አውጥታ ለልጆቿ የምታቀርበው አይቆጠርም። የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆነችው ማሪሊን ዌሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን ሥርዓት በሰፊው ስትተች፣ ሒሳቡ የሚቆጥረው ገንዘብ የነካውን እንጂ ሰው ያስፈለገውን እንዳልሆነ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ለራስ ቤት ፍጆታ የሚደረገው አገልግሎት ጭምር «ሥራ» መሆኑን በውሳኔው አስፍሯል። እንግዲህ በስታቲስቲክስ ቋንቋ የቤት እመቤቷ ሠራተኛ ሆናለች ማለት ነው፤ በብር ቋንቋ ግን ገና ናት።

የነገሩ ስፋት ምን ያህል ነው? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ የ64 አገሮችን የጊዜ አጠቃቀም ጥናት መሠረት አድርጎ፣ ያለ ክፍያ በሚደረግ የእንክብካቤና የቤት ሥራ ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት እንደሚውል አስልቷል። ይህ 2 ቢሊዮን ሰዎች በቀን 8 ሰዓት ያለ ደመወዝ ሲሠሩ እንደማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 76.2 ከመቶ የሚሆነውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። በአማካይ አንዲት ሴት በቀን 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ አንድ ወንድ ደግሞ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ በዚህ ሥራ ላይ ያጠፋሉ። በአገራችንም የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዶ ሸክሙ በሴቶች ትከሻ ላይ መሆኑን አረጋግጧል። ለዚህ እርግጥ ጥናት ባያስፈልገንም፣ የታየ ነገር ሁሉ ካልተጻፈ በስተቀር በጀት አያገኝምና ጥናቱ ይጠቅማል።

የዚህን ሥራ ዋጋ ሌላ ሰው በአካፋ ለክቶ ከሚነግረን ይልቅ ሥራው የቆመ ዕለት ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1975 ከአይስላንድ ሴቶች 90 ከመቶ ያህሉ የቢሮውንም የቤቱንም ሥራ ትተው ዋሉ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሥራ ቦታ ሄዱ። በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት የእኩልነት ሕግ አወጣ።

ዋስትናው ለማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ዘመናዊው የማኅበራዊ መድን ሥርዓት የተወለደው በጀርመን አገር ነው፤ የበሽታ መድን እ.ኤ.አ. በ1883፣ የአደጋ መድን በ1884፣ የእርጅናና የአካል ጉዳት መድን በ1889 ተደነገጉ። ሥርዓቱ የተቀረፀው በአንድ ሰው አምሳል ነው። ሰውየው ወንድ ነው፤ ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው ሳያቋርጥ በፋብሪካ ይሠራል፤ ቤቱን የምትይዝለት ሚስት አለችው። ይህ አምሳል ከአገር ወደ አገር ተሸጋገረ። በእንግሊዝ አገር የቤቨሪጅ ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲቀርብ ያገባችን ሴት በባሏ መዋጮ የምትጠለል አድርጎ መደባት፤ ሥራ ይዛ ብትገኝም ሙሉውን መዋጮ ላለመክፈል መምረጥ እንድትችል ተደረገ። ነፃነት ይመስላል። ብዙዎቹ አልከፈልንም ብለው ደስ አላቸው፤ ሲያረጁ ግን በራሳቸው ስም የሚጠይቁት ጡረታ እንደሌላቸው ተገነዘቡ። ይህ ምርጫ ለአዳዲስ ሠራተኞች የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የቤት ሠራተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን ከነአካቴው ትቷቸው ነበር። በዚያን ጊዜ የጥቁር ሴቶች ዋነኛ መተዳደሪያ እነዚህ ሁለት ሥራዎች እንደነበሩ ስናስብ ማን እንደተተወ መረዳት አያዳግትም።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ1950ዎቹ ዓመታት ከቆመ በኋላ የግል ድርጅት ሠራተኛው እስኪታቀፍ ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አልፏል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 የወጣው በ2003 ዓ.ም ነው። ምንም እንኳ በ2014 ዓ.ም በሌላ አዋጅ ቢተካም፣ መሠረቱ ግን አልተለወጠም፤ ጡረታ የሚገኘው ከደመወዝ በሚቆረጥ መዋጮ ነው። ለዚህም አሠሪው 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ ይከፍላሉ። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ ድል እንደነበር አይካድም። እኛም የምንለው ዋስትናው መጥፎ ነው ሳይሆን አጭር ነው፣ የሚለብሰው ሰው ሁሉ አይበቃውም ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። በ2003 ዓ.ም አዋጅ መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻ ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ተጨማሪ 1.25 ከመቶ እየታሰበለት እስከ 70 ከመቶ የሚደርስ አበል ያገኛል። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ቀን የተቀጠሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አሉ እንበል። የሁለቱም የመጨረሻ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ወንዱ 30 ዓመት ሠርቶ 55 ከመቶ፣ ማለትም 3,300 ብር ጡረታ ያገኛል። ሴቷ ሦስት ልጆች ስታሳድግና የታመሙ እናቷን ስታስታምም 16 ዓመት ከሥራ ተለይታ፣ 14 ዓመት ብቻ አገልግላለች። የእርሷ አበል 35 ከመቶ፣ ማለትም 2,100 ብር ይሆናል። ያገለገለችው 9 ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዘለቄታ ያለው የጡረታ አበል ጨርሶ አታገኝም ነበር። በምሳሌያችን ውስጥ ደመወዛቸውን እኩል ያደረግነው ሆን ብለን ነው። እኩል ሥራ ለሠሩ እኩል ክፍያ ቢሰጥና አንድም አሠሪ አድልዎ ባይፈጽም እንኳ፣ ልዩነቱ በሒሳቡ ውስጥ ተሸሽጎ ይጠብቃታል። እነዚያን 16 ዓመታት ወንዱ ሥራ ላይ እንዲቆይ ያስቻለው፣ ነገ ለሁለቱም ጡረታ መዋጮ የሚከፍለውን ትውልድ ያሳደገው ማን እንደሆነ ቀመሩ አይጠይቅም።

አንዳንዶች «ሚስት በባሏ ጡረታ ትጦራለች፣ ባሏም ቢሞት የአበሉን ግማሽ ትወስዳለች» ብለው ይመልሱልናል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ መብት የተውሶ መብት ነው። የተተኪዎች አበል ባል በሞተ ጊዜ ሚስቱ ለነበረችው ሴት የሚሰጥ ነው፤ 30 ዓመት ቤቱን ይዛ ከመሞቱ በፊት የተፋታችው በዚህ መዝገብ ውስጥ የለችም። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ተቃርኖ አለ። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ሲለያዩ በጋብቻ ዘመን የተገኘው ሀብት፣ ገንዘቡን ያመጣው ማን ነው ሳይባል፣ የጋራ ሆኖ እኩል እንዲካፈል በመርኅ ደንግጓል። ይህ ማለት ሕጉ የማጀቱን ሥራ ለቤቱና ለከብቱ ያውቀዋል ማለት ነው። ለጡረታው ግን አያውቀውም። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገት፣ በክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ የጡረታን ነገር በስሙ ጠርቶ ማንሳቱ በዋዛ የሚታይ አይደለም።

ስለ ወሊድ ፈቃድም አንድ ነገር ብለን እንለፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን በድምሩ 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት ደግሞ 3 ቀን። የ120ውና የ3ቱ ንጽጽር ራሱ ሕፃን ማሳደግ የማን ሥራ እንደሆነ የሚናገር ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን የእናቲቱን ደመወዝ የሚሸከመው ቀጣሪው ብቻውን መሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባጸደቀው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ይህ ወጪ በመርኅ ከማኅበራዊ መድን ወይም ከሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን ያሳሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጪው በአንድ ቀጣሪ ጫንቃ ላይ ሲወድቅ፣ ትርፉን የሚያሰላ ቀጣሪ ገና ከበሩ ላይ ወጣት ሴት ላለመቅጠር ሰበብ ይፈልጋል። ጥበቃ ተብሎ የተሰጠው እንቅፋት ሆኖ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ደመወዝ እያለው ሥራ ያልተባለውን ሥራ እንመልከት። በከተሞቻችን ውስጥ በየግቢው የቤት ሠራተኛና ሞግዚት አለች። አብዛኛዎቹ በለጋ ዕድሜያቸው ከገጠር በዘመድ ወይም በደላላ በኩል የመጡ ናቸው። የሥራ ሰዓታቸው ወሰን የለውም፤ የሚኖሩበት ቤት የሚሠሩበት ቦታ ስለሆነ የሥራ ቀኑ ሲያበቃ የሚዘጋ በር የለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቀጣሪው ጋር ስለምትኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች ይዟል፤ ቀጣሪው ስለ መኖሪያዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ሰዓቷ ለጤናዋ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። የዓመት ዕረፍቱን ቀን፣ የትርፍ ሰዓቱን ክፍያና የስንብቱን ሥርዓት በዝርዝር የሚደነግገው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ግን ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 የእነዚህ ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ተገልጾ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያው ቃል በድጋሚ ተጻፈ። ጡረታውም ቢሆን የደመወዝ መዝገብ ይዞ መዋጮ የሚያስገባ ድርጅትን የሚያውቅ እንጂ ወጥ ቤቱን የሚያውቅ አይደለም።

እዚህ ላይ በራሳችን መካከል ያለውን ቅራኔም ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። የቢሮ ሠራተኛዋ ሴት ያለማቋረጥ ሠርታ ጡረታዋን የምታጠራቅመው ልጇን የምትይዝላት ሌላ ሴት ስላለች ነው። ለአንደኛዋ 30 የአገልግሎት ዓመት ሲቆጠር፣ ለሁለተኛዋ በዚያው ቤት ውስጥ ያለፉት ዓመታት የትም አይቆጠሩም። በሌላ አነጋገር ሸክሙ ከሴት ወደ ወንድ ሳይሆን ከሴት ወደ ድኻ ሴት ተሸጋግሯል። ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱት እህቶቻችን ታሪክም የዚሁ ሰንሰለት ረዥሙ ጫፍ ነው፤ የላኩት ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ውስጥ በሚገባ ይቆጠራል፤ ያገለገሉበት ዓመት ግን በዚያም በዚህም ጡረታ ሳይሆን ይቀራል።

መንግሥት በገጠር ያካሄደው የጤና ሥራም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠልጣኞችን ያሰማራ ሲሆን፣ ሠልጣኞቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች፣ በመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸውም ናቸው። ለእናቶችና ለሕፃናት ሞት መቀነስ ያበረከቱት ድርሻ በዓለም ተመስግኗል። በ2003 ዓ.ም ገደማ ደግሞ በዚህ ላይ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተደራጀ። አምስት ጎረቤቶችን የምታስተባብረው ሴት ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች፣ ክትባት ታስታውሳለች፣ መጸዳጃ ቤት ታስቆፍራለች፤ ክፍያ ግን የላትም፣ በጎ ፈቃደኛ ናት። ለራስ ሰፈር ማገልገል የሚያስመሰግን ተግባር መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መንገድ የሚጠርበው ወንድ የቀን አበል ሲከፈለው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች የሚሠሩት የጤና ሥራ በጎ ፈቃድ የሚባለው ለምንድን ነው? በጎ ፈቃዱ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ለምን ይፈለጋል? በአንጻሩ በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡርና አራስ ሴት ከጉልበት ሥራ ወጥታ ድጋፏን በቀጥታ እንድታገኝ ማድረጉ፣ ፍላጎቱ ካለ መርዘኛውን ቀመር መለወጥ እንደሚቻል ያሳያል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በጣልያንና በእንግሊዝ አገር የተነሳ እንቅስቃሴ ለቤት ሥራ ደመወዝ ይከፈል የሚል ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ማሪያሮዛ ዳላ ኮስታና ሰልማ ጄምስ የዚህ ሐሳብ ግንባር ቀደም አራማጆች ነበሩ። ጥያቄው የተደበቀውን ሥራ አደባባይ በማውጣቱ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። እኛ ግን መፍትሔውን አንቀበለውም። ለምድጃ ደመወዝ መክፈል ሴቲቱን ከምድጃው ጋር በደመወዝ ማሰር ይሆናል፤ ወንዱም «ይከፈላት የለም ወይ» ብሎ እጁን አጥቦ ይቀመጣል። ሴቶችን በጅምላ ወደ ፋብሪካ ማስገባት ብቻውን በቂ ነው የሚለውን ደግሞ የሶቪየት ኅብረት ተሞክሮ ውድቅ አድርጎታል። ስትሩሚሊን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ የሠራተኞችን የጊዜ አጠቃቀም ሲያጠና፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ሴት ከወንድ ጓደኛዋ ይልቅ እጅግ ረዥም ሰዓት በቤት ሥራ ላይ እንደምታጠፋና የምትተኛውም ያነሰ እንደሆነ ተመልክቷል። ሥራው ድርብ ሆነ እንጂ አልቀለለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያዋጣው ለእንክብካቤ የዋለውን ዓመት በጡረታው መዝገብ ላይ መቁጠር ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1978፣ ጀርመን ከ1986 ጀምሮ ልጅ ለማሳደግ የዋለውን ጊዜ በጡረታ ሕጋቸው ማወቅ ጀምረዋል። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ለተወለደ ልጅ ሦስት ዓመት ይታሰባል። እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው ለሚለን፣ ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የአገልግሎት ዓመት፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ለእናቲቱ እንዲታሰብ አድርጋለች። በላይኛው ምሳሌያችን የነበረችው ሴት 9 ዓመት አገልግላ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ሕግ አንዱ ልጇ ብቻ 10ኛውን ዓመት ይሞላላት ነበር።

«ወጪውን ማን ይሸፍናል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ የማይቀር ነው፤ ተገቢም ነው። ጥያቄው ግን ዛሬ ወጪው የማይከፈል ያስመስላል። ዛሬም ይከፈላል፤ የምትከፍለው ሴቲቱ ናት፣ በጉልበቷና በእርጅናዋ። አዋጅ ቁጥር 715 በመደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲታቀፉ በር ከፍቶ ነበር። አሠሪ የሌላት ጉሊት ቸርቻሪ ግን 18ቱንም ከመቶ ከራሷ ኪስ ማውጣት ይኖርባታል፤ ምንም ገቢ የሌላት የቤት እመቤትማ በሩን አይታ ከማለፍ በቀር ምርጫ የላትም።

ይህ ሁሉ በሕግ አውጪው እጅ ያለ ነው። ያለ ማንም ፈቃድ በየሰፈሩ ሊሠራ የሚችለውን ግን ወደ ጎን ማለት አንችልም። ከመንግሥት ጡረታ በፊት የነበረው፣ ዛሬም ከጡረታው ይልቅ ብዙ ሰው የሚደርስበት ማኅበራዊ ዋስትና እድር ነው። እድር ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛን ያጽናናል፣ ገንዘብ ይሰጣል። ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል እንመልከት። ጥሩንባው ሲነፋ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ መቃብር ያስቆፍራሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፤ ይህ በአንድ ቀን ያልቃል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እንጀራ ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ለለቀስተኛ ያቀርባሉ፣ ሳህኑንና ድስቱን ቆጥረው አጥበው ይመልሳሉ፤ ይህ እስከ ሰልስትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። በብዙ እድሮች ግን በአባልነት የተመዘገበው አባወራው ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ወንዶች ናቸው። ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ አባል በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይቀጣል፤ ወጥ የሠራችው ሴት ግን ተገኘች ተብላ የሚመዘገብላት ቦታ የለም። ለዚህም ይመስላል በየሰፈሩ ሴቶች የራሳቸውን እድር ያቋቋሙት፤ ገንዘባቸውን ራሳቸው ይይዛሉ፣ ዕቃውን ራሳቸው ይገዛሉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ዋናው የእድር ገንዘብ አሁንም በሌላው መዝገብ ላይ ነው።

ነገሩ የሚከፋው ትዳር ሲፈርስ ነው። 20 ዓመት ከቤቱ ገንዘብ መዋጮ ሲከፈል ኖሮ፣ ባል ከሰፈር ሲለቅ አባልነቱን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረችው ሴት እንደ አዲስ አባል ትታያለች፤ መግቢያ እንድትከፍል ትጠየቃለች፣ መግቢያውም የእድሩን ሀብት ድርሻ ያህል ስለሚሆን ከአቅሟ በላይ ሊሆን ይችላል። የተቀጠረችው የቤት ሠራተኛ ደግሞ በአሠሪዋ ቤት ስትሞት ከየትኛው መዝገብ ላይ ወጪዋ እንደሚነሳ ብዙው ደንብ አይናገርም።

ከላይ ስለ መሬት ደብተር ያነሳነው ለዚህ ነው። የእድር መዝገብ በባልና በሚስት ስም ሊከፈት ይችላል፤ የሁለቱ ስም በአንድ ረድፍ ይሰፍራል፣ ሁለቱም በጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሲለያዩም ሁለቱም መግቢያ ሳይጠየቁ በአባልነት ይቀጥላሉ። የማዕድ ቤቱ ተራ እንደ ድንኳኑ ተራ ይመዘገባል፤ ድንኳን የተከለ ወንድ ወጥ ቤት የሚገባበት፣ ወጥ የሠራችው ሴት ሒሳብ የምትመረምርበት ፈረቃ ይወጣል። አሠሪዎች ለቤት ሠራተኞቻቸው መዋጮ የሚጨምሩበት አንቀጽም ይታከላል። የእድር ደንብ የሚሻሻለው በአባላቱ ድምፅ ነው፤ ብዙዎቹ እድሮችም በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ስብሰባ ያደርጋሉ። ይህን ነጥብ በአጀንዳ ለማስያዝ ከስብሰባው በፊት ለጸሐፊው በጽሑፍ ማቅረብ ይበቃል።